የወግረ ስኂን ሸለቆ፤ ስለ ካህኑ ንጉሥ ቤተ ክርስቲያንና በዋሻው ስላረፉት እንግዶች

ለልደት በዓል ከየአገሩ ተነሥቶ ወደ ላሊበላ የሚጓዝ ምእመን እጅግ ብዙ ነው። ዐሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት ተሳልሞ፥ በቤተ ማርያም ቤዛ ኵሉ ሲባል ሰምቶ፥ ጠበልና እምነት ይዞ ወደ አገሩ ይመለሳል። ከዚያ አንድ ቀን መንገድ ወደ ሰሜን ወርዶና ወጥቶ የሚደረስበትን የወግረ ስኂንን ሸለቆ የሚያየው ግን ጥቂት ነው። ይህም የሚያሳዝን ነገር ነው፤ ስለ ምን ቢሉ፥ በአገሩ ትውፊት ይምርሐነ ክርስቶስ ለላሊበላ ቀዳሚው ንጉሥ ነውና፥ ወንድሙን ጠይቆ አባቱን ሳይጠይቅ እንደሚመለስ እንግዳ መሆን ነው።

መንገዱ ከሮሐ ተነሥቶ ወደ ሰሜን በብልባላ በኩል ይወርዳል፤ በዚያም የብልባላ ጊዮርጊስና የብልባላ ቂርቆስ ከዓለት የተፈለፈሉ አብያተ ክርስቲያናት ይገኛሉ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ የአቡነ ዮሴፍን ተራራ ግርጌ ይዞ ይወጣል። ይህ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፥ በላስታ ካሉት ሁሉ የበላይ ነው። በአቋራጭ ቢለካ ከላሊበላ እስከ ሸለቆው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጠመዝማዛው የመኪና መንገድ ግን ከ40 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። አባቶቻችን በበቅሎና በእግር ቀኑን ሙሉ ሲሄዱበት የኖሩትን ዛሬ መኪና በጥቂት ሰዓት ይጨርሰዋል። ሆኖም መጨረሻው በእግር ነው፤ ማንም ቢሆን ያን ዳገት ካልወጣ አይደርስም። ዙሪያው ገደል፥ ገደሉም የተራቈተ ሲሆን፥ በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ግን ጥቅጥቅ ያለ የጽድ ደን ቆሟል። ከሩቅ የሚመጣ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ሳያይ በፊት ደኑን አይቶ ደብር መኖሩን ያውቃል፤ በአገራችን ጥንታዊው ዛፍ የሚገኘው መቅደስ ባለበት መሆኑን ገበሬውም ሊቁም አይስተውም።

ስለ ቦታው ስም ጥቂት መናገር ይገባል። ወግር ማለት በግዕዝ ኮረብታ ነው፤ ስኂንም ዕጣን ነው። ስለዚህ ወግረ ስኂን የዕጣን ኮረብታ ይባላል። ይህም ስም በመኃልየ መኃልይ መጽሐፍ የሚገኝ ስለ ሆነ፥ ቦታውን የሰየመው ሰው መጽሐፍ ያነበበ እንደ ነበረ ይታያል። የንጉሡም ስም እንዲሁ ነው። መርሐ ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፥ ትርጓሜው ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው። ስለዚህ በሐመሩ ሐ ሊጻፍ ይገባል እንጂ፥ ዛሬ በየምልክቱና በየወረቀቱ እንደሚታየው በሃሌታው ሀ መጻፉ ስሙን ከግሱ ይለየዋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን ኋላ እንደሚታየው፥ በዚህ ስም አሰማም ምክንያት አንድ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ንጉሡን በሌላ ሰው ስም ጽፎታል።

ይምርሐነ ክርስቶስ ከዛጔ ነገሥታት አንዱ ነው። የዛጔ መንግሥት በላስታ ተቀምጦ እስከ 1270 ዓመተ ምሕረት በፈረንጆች ቍጥር የቆየ ሲሆን፥ በዚያ ዘመን ይኵኖ አምላክ ተነሥቶ መንግሥቱ ወደ ሌላ ቤት ዞረ። ይምርሐነ ክርስቶስ በላሊበላ ፊት እንደ ነገሠ ትውፊቱ ሁሉ ይስማማል፤ ላሊበላም በ12ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ13ኛው መጀመሪያ የነበረ ነው። የነገሥታቱ ዝርዝር ግን ለይምርሐነ ክርስቶስ 40 ዓመት ይሰጠዋል፤ ለአባቱ ለግርማ ሥዩም 40፥ ለሌሎቹም 40፥ 40 ይሰጣቸዋል። እንዲህ ተካክሎ የተሰፈረ ቍጥር የጸሐፊ እንጂ የዘመን ሥራ አይመስልም። አርባ በመጻሕፍት የጾምና የመፈተን፥ የሙሉ ዕድሜም ቍጥር እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ ስለዚህ አርባ ዓመት ነገሠ ሲባል፥ ዕድሜውን ፈጽሞ በሰላም ነገሠ ማለት እንደ ሆነ መተርጐሙ ይሻላል።

ገድሉ እንዲህ ይላል። ሕፃኑ በተወለደ ጊዜ እንደሚነግሥ ተነገረለት፤ በመንበሩ ላይ የነበረው አጎቱም ይህን ሰምቶ ቀናበት፥ ሊገድለውም ፈለገ። ስለዚህ ልጁ ሸሸ፤ በስደትም አደገ፥ መጻሕፍትን ተማረ፥ ክህነትንም ተቀበለ። አጎቱ በሞተ ጊዜ ተመልሶ ነገሠ፤ ነገር ግን ከነገሠ በኋላ ክህነቱን አልተወም፥ እየቀደሰ ነገሠ እንጂ። ሕዝቡንም በሐዋርያት ሥርዓት ሊያስተዳድር ወደደ፤ አንድ ሰው በአንዲት ሚስት እንዲጸና አዘዘ። በቅዳሴ ጊዜ ኅብስቱና ጽዋው ከሰማይ ይወርድለት እንደ ነበር ገድሉ ይናገራል።

የስደቱን ነገር የሰማ ሁሉ የላሊበላን ገድል ማሰቡ አይቀርም፤ በዚያም ሕፃኑን ንብ ከበበው፥ ትንቢት ተነገረለት፥ የነገሠው ወንድሙም ቀናበት። ሁለቱ ገድላት በአንድ መንገድ የሚሄዱ ስለ ሆነ አንዳንድ ሰዎች ሁለቱንም እንደ ተረት ይቈጥሯቸዋል። ይህ ፍርድ ግን የቸኰለ ነው። መንግሥት ከአባት ወደ ልጅ ብቻ ሳይሆን ከወንድም ወደ ወንድም፥ ከአጎትም ወደ ወንድም ልጅ በሚዞርበት ቤት፥ የነገሠው ሊነግሥ የሚችለውን መፍራቱ የማይቀር ነው። በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ዓይነት ፍርሃት ሁለት ጊዜ ቢነሣ ምን ያስደንቃል? ገድል ጸሐፊው ነገሩን በትንቢት ሸልሞታል፤ ሥሩ ግን ከቤተ መንግሥት የወጣ ነው።

ወደ ዋሻው የገባበት ነገርም ሊተረክ የሚገባው ነው። በአገሩ አፈ ታሪክ ዋሻው የአንድ ባለ ርስት ነበረ፤ በውስጡም ባሕር ነበረበት። ንጉሡ ቦታው ለመቅደስ እንደ ተመረጠ ባወቀ ጊዜ፥ ንጉሥ ሲሆን በግድ አልወሰደውም፥ በዋጋ ገዛው እንጂ። በባሕሩም ላይ እንጨት አስነጥፎ፥ በእንጨቱ ላይ ሣርና አፈር አድርጎ፥ በዚያ ላይ ቤተ ክርስቲያኑን አቆመ ይላሉ። ዛሬም ካህናቱ ከወለሉ በታች ርጥበት ያለበትን ስፍራ እንግዳ ሲመጣ ያሳያሉ። ይህን የሰማ ሰው ሁሉ የኖኅን መርከብ ማሰቡ ግልጥ ነው፤ ባለ ቅኔም ቢያገኘው በቶሎ የሚለቀው ነገር አይደለም። ከዚህ ይልቅ ግን ልብ ሊባል የሚገባው የመግዛቱ ነገር ነው። አብርሃም በኬብሮን የነበረውን ዋሻ ከኤፍሮን በ400 ሰቅል ብር ገዛ፤ ዳዊትም የኦርናን አውድማ ያለ ዋጋ አልወስድም አለ። የላስታ ሰዎች ስለ ንጉሣቸው ሲተርኩ የመረጡለት ምስጋና ይህ ነው፤ ጦር አሸነፈ፥ አገር አቀና ብለው አይጀምሩም፥ የድሀውን ርስት አልቀማም ብለው እንጂ።

አሁን ወደ ሕንፃው እንግባ። ቤተ ክርስቲያኑ እንደ ላሊበላ ከዓለት የተፈለፈለ አይደለም፤ በዋሻው ውስጥ በድንጋይና በእንጨት የታነጸ ነው። ቅጥሩ ተደራርቦ የተሠራ ሲሆን፥ አንድ ረድፍ ጠቍሮ የሚታይ ወፍራም እንጨት፥ አንድ ረድፍ በነጭ ኖራ የተለሰነ ድንጋይ እየሆነ እስከ ጣሪያው ይወጣል። ቅጥሩም ቀጥ ብሎ አይሄድም፤ ወጣ ገባ እያለ ነው። መስኮቶቹ በተለያየ መስቀል አምሳል የተፈለፈለ እንጨትና ድንጋይ አላቸው፤ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። ከጨለማው ዋሻ ውስጥ ነጭና ጥቍር ሆኖ ብቅ ሲል ያየ ሰው፥ ከመንገዱ ድካም የተነሣ ሕልም ይመስለዋል። ዛሬ ግን በቅርብ ዘመን የተሠራ ግንብ የዋሻውን አፍ ስለ ሸፈነው፥ የቀደሙት ተጓዦች ከሩቅ ያዩት የነበረውን አሁን የሚመጣው ተሳላሚ በሩን አልፎ ካልገባ አያየውም። ግንቡ ለጥበቃ ይጠቅም ይሆናል፤ የሠሩትም በጎ አስበው ነው፤ ነገር ግን ያን የመሰለ ጥበብ ባለበት ቦታ እንዲህ ያለ ግንብ ማቆም ዐይንን ያስቀይማል።

ይህ የአሠራር ወግ ከየት መጣ ቢባል መልሱ አያስቸግርም፤ የአክሱም ነው። እንጨትና ድንጋይ እያደራረቡ፥ ቅጥሩን ወጣ ገባ እያደረጉ መሥራት በአክሱም ዘመን የነበረ ሥርዓት ሲሆን፥ በትግራይ የደብረ ዳሞ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ለዚህ ምስክር ሆኖ ቆሟል። የይምርሐነ ክርስቶስ ሠራተኞች ይህን ወግ ከአባቶቻቸው ተቀብለው በላስታ ተራራ ውስጥ ሠሩት። ከእነርሱም በኋላ የመጡት የላሊበላ ጠራቢዎች ያንኑ ወግ በዓለት ላይ ገለበጡት፤ የቤተ አማኑኤልን ቅጥር ያየ ሰው፥ በዚያ እንጨት ሳይኖር የእንጨት ረድፍ መስሎ የተቀረጸውን ዓለት ልብ ይላል። እንግዲህ ከዳሞ እስከ ቤተ አማኑኤል ባለው መንገድ መካከል ይህ የዋሻ ቤተ ክርስቲያን እንደ ድልድይ ተቀምጧል።

ውስጡ ከውጭው ይበልጣል። ቅኔ ማኅሌቱ በአዕማድና በቅስት የተከፈለ ነው፤ ከመቅደሱ በላይ ጕልላት አለ። የጣሪያው እንጨት በልዩ ልዩ ሐረግና በማዕዘን ሥራ፥ በእንስሳትና በአዕዋፍ ሥዕል ተሸልሟል። ብዙ ዘመን የጧፉና የዕጣኑ ጢስ አጥቍሮታልና መብራት ያልያዘ ሰው እምብዛም አያየውም። በግድግዳው ላይ ከወንጌል ታሪክ የተሣሉ ሥዕሎች ሲኖሩ፥ ሊቃውንቱ እስከ ዛሬ በኢትዮጵያ ከታወቁት የግድግዳ ሥዕሎች ሁሉ ከጥንታውያኑ ይቈጥሯቸዋል። የጣሪያው ሐረግ በዚያው ዘመን በግብፅ ከነበረው የእንጨት ሥራ ጋር የሚመሳሰል መሆኑንም የሥነ ጥበብ ሊቃውንት አስተውለዋል። በአገሩም አፈ ታሪክ እንጨቱ ከግብፅ መጣ ይባላል። እንጨቱ ያን ሁሉ በረሃ ተሻግሮ መጣ ማለት ይከብዳል፤ ጳጳሳት ከእስክንድርያ እየተሾሙ ሲመጡ፥ መነኮሳትም ወደ ኢየሩሳሌም ሲወርዱና ሲወጡ፥ ሐረጉና ጥበቡ አብሮ መጣ ቢባል ግን ሁለቱ ቃል ይታረቃል።

የዚህን ቦታ ታሪክ ከሌሎች ደብሮች ታሪክ ልዩ የሚያደርገው አንድ የውጭ ምስክር ማግኘቱ ነው። በ1520 በፈረንጆች ቍጥር በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን የፖርቱጋል መልእክተኞች ወደ ኢትዮጵያ መጡ። ከእነርሱ ጋር ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ቄስ ነበረ፤ እስከ 1526 በአገራችን ተቀምጦ ያየውንና የሰማውን ጻፈ፥ መጽሐፉም በ1540 በሊዝቦን ታተመ። ይህ ቄስ ወደ ወግረ ስኂን ሄዶ ነበር። ዋሻው እጅግ ሰፊ ከመሆኑ የተነሣ ሦስት ታላላቅ መርከቦች ከነምሰሶአቸው የሚገቡበት ነው ብሎ ጽፏል፤ መርከብ ዐዋቂ ከሆነ ሕዝብ የተወለደ ሰው ስለ ሆነ መስፈሪያው መርከብ ሆነ። በዋሻው ውስጥ የንጉሡን መቃብር አየ፤ ካህናቱም ይህ ንጉሥ ካህን ነበረ፥ ለ40 ዓመት ሲቀድስም መላእክት ኅብስትና ወይን ያመጡለት ነበር ብለው ነገሩት። ዳግመኛም ንጉሡ ከሕዝቡ ግብር እንዳልተቀበለ፥ ያመጡለትም ቢኖሩ ለድሆች ያካፍል እንደ ነበረ፥ ራሱም ከሚያሳርሰው እርሻ ይመገብ እንደ ነበረ ሰምቶ ጻፈ።

የንጉሡን ስም ግን አብርሃም ብሎ ጻፈው። ከላይ ስለ ስሙ የተነገረው እዚህ ላይ ይጠቅማል። ይምርሐ የሚለውን ሐ ከጕሮሮ ማውጣት ያልለመደ የፖርቱጋል ጆሮ ሲሰማ፥ ወደሚያውቀው ስም ወሰደው። ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ዋሻን በዋጋ የገዛው አባት ስም ስለ ሆነ የማያምር ስሕተት አይደለም።

አሁን አንባቢ ይህን ያስብ። አልቫሬዝ በመጣ ጊዜ ይምርሐነ ክርስቶስ ካረፈ 300 ዓመት አልፎት ነበር፤ ከአልቫሬዝ እስከ ዛሬ ደግሞ 500 ዓመት አለፈ። ካህኑ ንጉሥ፥ ከሰማይ የወረደው ኅብስት፥ የድሆች ወዳጅነቱ፥ ይህ ሁሉ ዛሬ በዋሻው ደጅ ቆሞ የሚሰማው ሰው የሚነገረው ነው። አምስት መቶ ዓመት በቃል የሚነገር ነገር ሳይለወጥ ቆየ። በመካከል የግራኝ ጦር አገሩን አጥፍቷል፤ በ1531 እነ መካነ ሥላሴና አትሮንሰ ማርያም በእሳት ጠፍተዋል፤ በዚህ ዋሻ ያለው ያ ሁሉ እንጨት ግን ቆሟል። ትውፊት ሁሉ ተረት ነው የሚል ሰው፥ ይህን የመሰለ መመዘኛ ሲገኝ ቢያንስ ቃሉን ሊለዝብ ይገባዋል።

ደግሞም ትውፊት ሁሉ እንደ ተነገረ ይወሰድ የሚል ሰው ቢኖር፥ ያው የአልቫሬዝ መጽሐፍ ይገታዋል። ከንጉሡ መቃብር አጠገብ የአንድ የእስክንድርያ ፓትርያርክ መቃብር አሳይተውታልና፤ የንጉሡን ቅድስና ሰምቶ ሊያየው መጥቶ በዚያው ዐረፈ ብለው ነግረውታል። ይህ ግን አይጸናም። በመንበሩ ሳለ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው የመጀመሪያው የእስክንድርያ ፓትርያርክ ቄርሎስ 4ኛ እንደ ሆነ የታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ፤ እርሱም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን በ1856 በፈረንጆች ቍጥር የመጣ ነው። እንግዲህ በዚያ መቃብር ውስጥ ያለው ማን ነው? ምናልባት ከእስክንድርያ ተሾሞ የመጣ ጳጳስ ይሆናል። የአገሬው ሰው ለአቡኑና ለፓትርያርኩ አንድ ዓይነት ክብር ስለሚሰጥ፥ ስሙ ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲተላለፍ ከፍ ብሎ ተገኘ። ስሕተቱ የማዕርግ እንጂ የሰው አይመስልም፤ ከግብፅ የመጣ አባት በዚያ ዐርፏል የሚለው ቃል ጨርሶ የሚጣል አይደለም።

በዚሁ ዘመን በአውሮፓ ስለ አንድ ካህን ንጉሥ ብዙ ይነገር ነበር። በ1165 ገደማ ፕሬስተር ዮሐንስ ከሚባል ንጉሥ የተላከ ነው የተባለ ደብዳቤ በነገሥታቱ ዘንድ ዞረ፤ የሮሙ ጳጳስ እስክንድር 3ኛም በ1177 ለዚህ ንጉሥ መልእክት ጽፎ ሰደደ። ደብዳቤው በአውሮፓ የተደረሰ ልብ ወለድ መሆኑ ዛሬ የታወቀ ነው፤ አገሩንም መጀመሪያ ህንድ ይሉት ነበር፥ በኋላ ግን ወደ ኢትዮጵያ አዞሩት። አንዳንዶች የዚህ ወሬ ሥሩ ይምርሐነ ክርስቶስ ነው ይላሉ። ሐሳቡ ደስ ያሰኛል፤ ሆኖም ከላስታ ዋሻ ወጥቶ ያን ወሬ የወለደውን ቃል የሚያሳይ ጽሑፍ አልቀረበም። አንድ ነገር ግን እርግጥ ነው፤ አልቫሬዝና ጓደኞቹ ፕሬስተር ዮሐንስን ፍለጋ የመጡ ሰዎች ነበሩ፥ በወግረ ስኂንም የካህን ንጉሥ መቃብር ቆሞ አገኙ።

እስከዚህ ድረስ ስለ ንጉሡ ተነገረ። የሸለቆው ትልቁ ነገር ግን ከቤተ ክርስቲያኑ በስተኋላ ነው። በዋሻው ጥልቅ ስፍራ፥ በጨለማው ውስጥ፥ የሰው ዐፅም ተከምሮ ይገኛል። አንዳንዱ በጨርቅና በሰሌን እንደ ተጠቀለለ ነው፤ የዋሻው አየር ደረቅ ስለ ሆነ ቆዳው ከአጥንቱ ያልለቀቀም አለ። ትውፊቱ እነዚህ ከሮም፥ ከቍስጥንጥንያ፥ ከሶርያ፥ ከግብፅ፥ ከኢየሩሳሌም የንጉሡን ቅድስና ሰምተው የመጡ ተሳላሚዎች ናቸው፥ ቍጥራቸውም 5,740 ነው፥ በዚህ ሊሞቱና ሊቀበሩ መርጠው ቀሩ ይላል። ቍጥሩ የትውፊት ቍጥር ነው፤ እንደ አርባው ዓመት ሁሉ በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል። ዐፅሙ ግን በዐይን የሚታይ ነው።

ከዚህ ዐፅም የተነሣ ክርክር መጥቷል። እነዚህ ሁሉ እንግዶች በዚህ ካሉ ቤተ ክርስቲያኑን የሠሩት እነርሱ ናቸው የሚሉ ሰዎች አሉ፤ ተሳላሚዎች ሳይሆኑ ከግብፅ የመጡ አናጢዎችና ጠራቢዎች ናቸው ይሏቸዋል። ነገሩም አዲስ አይደለም፤ አልቫሬዝ ራሱ በላሊበላ ሳለ ሥራው የነጭ ሰዎች ነው ብለው ነግረውት ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል እየተቀበሉ ያስፋፉት ብዙዎች ናቸው፤ እስከ መስቀል ጦረኞች ድረስ የወሰዱትም አልጠፉም።

መልሱ በግድግዳው ላይ ነው። የእንጨቱንና የድንጋዩን ድርድር፥ የቅጥሩን ወጣ ገባ፥ ማንም እንግዳ ከግብፅ ይዞት አልመጣም፤ ከአክሱም ጀምሮ በአገሩ የነበረ ነው። ከግብፅ ጋር የሚመሳሰለው የጣሪያው ሐረግ ነው፤ ሐረግ ደግሞ በመጽሐፍ፥ በጨርቅ፥ በመስቀልም ላይ ይጓዛል። እንግዳ አናጢ አንድ ሁለት ሰው አልነበረም ማለት አይቻልም፤ ይህ በየትም አገር የሚሆን ነው። ነገር ግን ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ በሠራው ቤት አጠገብ በሺህ ሆኖ አይሞትም። በሺህ ሆኖ የሚሞተው ለመባረክ የመጣ ነው። የእኛም መነኮሳት በኢየሩሳሌምና በግብፅ ገዳማት ሄደው እዚያው ዐርፈዋል፤ ከዚህ የተነሣ የኢየሩሳሌምን አብያተ ክርስቲያናት የሠሩት ኢትዮጵያውያን ናቸው የሚል ሰው አልተነሣም። የላስታ ሰዎች በገዛ ትውፊታቸው እነዚህን እንግዶች ተሳላሚዎች ብለው ጠሯቸው፥ ከንጉሣቸውም ጀርባ ማረፊያ ሰጧቸው። ባለቤቱ እንግዳዬ ነበሩ ብሎ ሲመሰክር፥ ሩቅ የተቀመጠ ሰው አይ፥ ቤትህን የሠሩልህ ናቸው ቢለው፥ የእንግዳ ተቀባይነቱንም የግንበኝነቱንም ዋጋ ባንድ ጊዜ ወሰደበት ማለት ነው።

ደግሞ ስለ ዐፅሙ አያያዝ መናገር ግድ ነው። ዐፅሙ ያለ መቃብር በግልጥ የተቀመጠ ስለ ሆነ፥ የሚመጣው ሁሉ እየቀረበ ያየዋል፤ እየረገጠ የሚያልፍም፥ በእጁ የሚነካም፥ በመብራት እያበራ ሥዕል የሚያነሣም አለ። ተሳላሚው ለበረከት ነው ብሎ ይነካል፤ ጐብኚው ለመደነቅ ነው ብሎ ይነካል፤ ለዐፅሙ ግን ሁለቱም አንድ ናቸው። የዋሻው ካህናት ጥቂቶች ናቸው፤ መሬቱ ድንጋይ፥ ኑሮውም ከባድ ነው፤ ሌሊት በማኅሌት፥ ቀን በእርሻ ደክመው፥ እያንዳንዱን እንግዳ ተከትለው ሊጠብቁ አይችሉም። ስለዚህ የሚሄደው ሰው ራሱን ይጠብቅ። ከዚህ ደብር ወደዚያ የሚጓዝ ማኅበር ቢነሣ፥ ጧፍና ዕጣን ሲያዘጋጅ ለእነዚህ ስም ለሌላቸው ሙታን ጸሎተ ፍትሐት ማሰቡን አይርሳ። ከአጥንታቸውም አንዳች እንዳይነካ፥ ልጆችን ይዞ የሄደም ቢኖር ከበሩ በፊት ይምከራቸው። የተሰበሰበ ገንዘብ ካለ ለዋሻው ካህናት ቢሰጥ ለሙታኑ ጠባቂ መስጠት ነው።

የቅዱሱ የዕረፍት በዓል ጥቅምት 19 ቀን ነው። ክረምቱ አልፎ መንገዱ የደረቀበት፥ ብልባላም በእህል የለመለመበት ወራት ስለ ሆነ ለመንገደኛ ይመቻል። የላስታ ሰው በዋዜማው ከየመንደሩ በእግሩ ይወጣል፤ ሌሊቱን በማኅሌት አድሮ በማለዳ ቅዳሴ ይገባል። አልቫሬዝ በመጣበት በዓል የተሰበሰበው ሕዝብ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ሥጋወደሙን በየደጁ ሲያቀብሉ እስከ ሠርክ እንደ ቆዩ ጽፏል። ቅዳሴው ሲያልቅ ካህናቱ መጋረጃውን ገልጠው የንጉሡን መቃብር ያሳልማሉ፤ ከዚያም መብራት የያዘው ዲያቆን ወደ ኋላ፥ ወደ እንግዶቹ ስፍራ ይመራል።